የሸርጣን በሊታው ጣሳ

የአያ ይርዳውን ሞት የሰማሁት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው። የደወለችልኝ ጥሩወርቅ ናት፤ በቡሬ መንገድ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሳስተምር ቤቷን ያከራየችኝ ሴት። ጥሩወርቅ ስልክ ላይ ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም። «አያ ይርዳው ዐረፉ፤ ትናንት ቀበርናቸው» አለችኝ። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ደግሞ «ጣሳቸውን ምን ላድርገው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኳት። ስልኩን ዘጋችው። የትኛው ጣሳ እንደሆነ አልጠፋኝም፤ እንደማይጠፋኝ እሷም ታውቃለች። ከእኔ በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ግቢ ስንኖር ያላወራነው ወሬ የለም። ስለዚያ ጣሳ ግን አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረን አናውቅም።

ስለ ሟች ሲጻፍ ደግነቱን መቁጠር የተለመደ ነው። አያ ይርዳው ደግ ነበሩ፤ ግን እኔ የማልረሳው ደግነታቸውን አይደለም። የማልረሳው መጸየፋቸውን ነው። እንደ እሳቸው የሚጸየፍ ሰው አላየሁም፤ እንደ እሳቸው የተጸየፉትም ሰው አላየሁም።

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ፀጉራቸውን ሁልጊዜ ተላጭተው የሚገቡ ሰው። ግራ ጆሯቸው ስለማይሰማ ሲያናግሯቸው ቀኙን ወደ ሰው ያዞራሉ፤ ወሬው ካልጣማቸው ግራውን ያዞሩና ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ርእሰ መምህሩን ሳይቀር በዚህ ዘዴ ሲያሰናብቱት አይቻለሁ።

አንድ ቃል ነበረቻቸው፤ «ያስጠላል።» ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስቲካ ያስጠላል። በምራቁ ሰሌዳ የሚያጠፋ አስተማሪ ያስጠላል፤ ይህን ሲሉ እኔን እያዩ ነበር። በመጀመሪያ አፍንጫቸው ይሸበሸባል፤ ቀጥሎ ቃሏ ትወጣለች። በጣም የባሰ ነገር ሲሆን ግን ምንም ሳይሉ ወደ ማደሪያቸው ገብተው አካፋ ይዘው ይወጣሉ። የተማሪዎቹ መጸዳጃ ቤት ሞልቶ በፈሰሰ ጊዜ ሁላችንም አስተማሪዎች ነጠላችንን አፍንጫችን ላይ አድርገን በሌላ በር ስንዞር፣ እሳቸው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ሲገቡበት አየሁ። ያኔ ነው ልዩነቱ የገባኝ። እኛ የሚያስጠላንን ነገር ስናይ እንሸሻለን። እሳቸው ወደ እሱ ይሄዳሉ።

ከእሳቸው ጋር በደንብ የተዋወቅነው በተጣላንበት ቀን ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። መጽሐፉ ላይ ስለ ኮራል የሚያወራ አንድ አጭር አንቀጽ አለ፤ ከጎኑ ድንጋይም ቅጠልም የሚመስል የደበዘዘ ሥዕል አለ። እኔ በሕይወቴ ትልቅ ውሃ ብዬ ያየሁት ጣናን ነው፤ እሱንም ለምረቃ ፎቶ። ስለዚህ ሥዕሉን አይቼ፣ አንቀጹን ሳላነብ፣ አፌን ሞልቼ «ኮራል በባሕር ውስጥ የሚበቅል ተክል ነው» አልኩ። ተማሪዎቹ ጻፉት። ደወል ተደውሎ ስወጣ አያ ይርዳው መስታወቱ በተሰበረው መስኮት አጠገብ ቆመዋል።

«እንስሳ ነው፣ መምህርት» አሉኝ።

«ምኑ?» ስላቸው «ኮራሉ» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ዲፕሎማ ይዤ ከጥበቃ ልማር እንዴ ብዬ ቤቴ ገባሁና መጽሐፉን ገለጥኩ። እንስሳ ነው። በማግሥቱ ተማሪዎቼን «ትናንት የጻፋችሁትን ሰርዙት» ስላቸው አያ ይርዳው በመስኮቱ አልፈው ሄዱ፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ለዚህ ጨዋነታቸው አንድ ቀን አመሰግናቸዋለሁ ስል ሳላመሰግን ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ በዕረፍት ሰዓት እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ወጣት ሳሉ ቀይ ባሕር ላይ፣ አንድ ወደብ ውስጥ ጠላቂ ነበሩ። ወደቡ ከእኛ እጅ ሲወጣ ወደ አባታቸው አገር ተመለሱ፤ ሚስት አላገቡም፣ ልጅ አልወለዱም። ይዘውት የመጡት ነገር ቢኖር ያ የማይሰማ ጆሮና የእጃቸው ጠባሳ ነው። ጣቶቻቸው ላይ ያሉትን ነጫጭ ሰንበሮች ኮራሉ የቆረጣቸው እንደሆነ ነገሩኝ፤ ሲነግሩኝ ደግሞ አንድ ወዳጅ የነከሳቸው ይመስል ፈገግ አሉ።

«አፍ አለው እኮ» አሉኝ። «እልፍ አእላፍ ትንንሽ አፍ። ድንጋዩን ራሱ ነው የሚሠራው፤ ቤቱ ነው። ሥጋው ውስጥ ደግሞ ዓይን የማያየው አልጌ፣ የውሃ አረም በይው፣ ያስጠጋል። አልጌው ፀሐይ እየሞቀ ምግብ ይሠራለታል፤ እሱ ማደሪያ ይሰጠዋል። ውሃው አለቅጥ ሲሞቅ ግን ይጣላሉ፤ ያስወጣዋል። ያኔ ነጭ ይሆናል። አልሞተም፤ ተርቧል። ውሃው ቶሎ ከበረደ ይታረቃሉ። ካልበረደ ሌላው ይመጣበታል።»

ሌላው የሚሉት ከሩቅ የመጣውን አልጌ ነው። መጽሐፋችን ዋቅላሚ ይለዋል፤ እሳቸው ግን «እንግዳው» ይሉት ነበር። እንግዳው የተራበውን ኮራል ይለብሰዋል፤ ፀሐይ ይከለክለዋል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ተመልሶ ሊያገግም የሚችለውን በዚያው ያስቀረዋል።

አንድ ቀን በስልኬ ስለዚህ ጉዳይ የተሠራ ፊልም አሳየኋቸው። የዓለም ባሕር እየሞቀ፣ ኮራሉ በየአገሩ እየነጣ፣ አልጌው እንደ ሣር ክዳን ሲከድነው ያሳያል። አያ ይርዳው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ ግማሽ አዩ። ከዚያ መለሱልኝና ጣቶቻቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

«ይኼን ነገር በእጄ አድርጌዋለሁ» አሉ።

ሥራቸው የመርከብ ሆድ መፋቅ ነበር። ከሩቅ አገር የሚመጣ መርከብ ከውሃው በታች ያለው አካሉ አረምና ቀንድ አውጣ ይበቅልበታል፤ ይከብዳል፤ ነዳጅ ይበላል። ጠላቂዎቹ ይወርዱና በብረት ይፍቁታል። መርከቡ ይጠራል። የተፋቀው አረም የት ይሄዳል ብዬ ጠየቅኋቸው። «የት ይሄዳል? እዚያው ውሃው ውስጥ ነዋ» አሉኝ። «መርከቡ ነው እንጂ የታዘዝነው፣ ባሕሩን ማን አዘዘን?» የጥፍር ያህል ብጣሽ እንኳ ድንጋይ ካገኘች ትይዛለች። በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ሲደክማቸው ሄደው የሚያዩት ከወደቡ አጠገብ ያለ ኮራል ላይ አዲስ አረም በቀለ። መጀመሪያ ቆንጆ ነበር፤ ለስላሳ፣ አረንጓዴ። አረሙን የሚግጠውን ዓሣ ደግሞ ጠላቂዎቹ ለምሳ እያጠመዱ ይበሉት ነበር። አንድ ቀን አያ ይርዳው አረሙን በእጃቸው ገለጥ አድርገው ከሥሩ ያለውን አዩ።

«እንደ ንፍጥ ተሳበልኝ» አሉኝ። «ያ የማውቀው ነገር። በስብሶ እንደ ንፍጥ እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስታጠብ ብውል እጄ ጠርቶልኝ አያውቅም ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

አመንኳቸው። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚታጠቡ አይቻለሁና።

አሁን ወደ ጣሳው ልምጣ፤ እያዘገየሁት ያለሁት ስለሚያሳፍረኝ ነው።

አያ ይርዳው አገራቸው እንደተመለሱ፣ ገና የሰውን አመል ሳያጤኑ፣ በአንድ ማኅበር ላይ የባሕሩን ታሪካቸውን አወሩ። ጀልባቸው ሞተሩ ተበላሽቶ ሁለት ቀን ባሕር ላይ ሲንሳፈፉ፣ ከእሳቸው ጋር የነበሩት የባሕሩ ጠረፍ ሰዎች ሸርጣን ይዘው ጠበሱ። እሳቸውም ርቧቸው በሉ። ይኸው ነው። ለንስሐ አባታቸው ተናግረው፣ ቀኖናቸውን ጨርሰው፣ ቆርበዋል። እግዚአብሔር ይቅር ያለውን ሰፈሩ ግን አልተወውም። ስማቸው «ሸርጣን በሊታው» ሆነ። እሳቸው የጠጡበትን ዕቃ ሰው አይጠጣበትም። በየቤቱ ለእሳቸው ብቻ የሚወጣ አንድ አሮጌ ነገር አለ፤ ጥሩወርቅ ቤት የነበረው ጆሮው በሽቦ የተሠራ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ቤት ውስጥ አይገባም፤ አጥሩ እንጨት ላይ ተሰቅሎ ይውላል ያድራል። አያ ይርዳው አጥር ሊያጥሩላት ወይም እንጨት ሊፈልጡላት ሲመጡ ጠላውን በእሱ ትቀዳላቸዋለች። እሳቸውም ምንም እንዳላዩ ሆነው ይጠጣሉ።

እኔስ? ሳይንስ አስተማሪዋስ? አንድ ቀን ጥሩወርቅ ገበያ ሄዳ ብቻዬን ሳለሁ መጡና ውሃ ለመኑኝ። ጣሳውን ከአጥር ማውረድ አፍሬ በራሴ ኩባያ ሰጠኋቸው። ሲሄዱ ኩባያውን ሦስት ጊዜ በአመድ ፈተግሁት። ከዚያም አልሆንልኝ አለና ለዶሮዎቹ ውሃ ማጠጫ አደረግሁት። ስለ ኮራል ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ይህን ስጽፍ ራሴን ልተፋው ይቃጣኛል።

ከትምህርት ቤቱ በታች አንድ ኩሬ አለ። ሰፈሩ በጉልበቱ የቆፈረው ነው፤ ከላይ ካሉት የበቆሎና የጤፍ ማሳዎች የሚወርደውን የክረምት ውሃ ይይዛል፤ በበጋ ከብቱ ሁሉ እሱን ይጠጣል። ጥሩወርቅ አንዲት የምትታለብ ላም ነበረቻት፤ ሻሼ ትባላለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ቤቱን ያቆመችው በሻሼ ነው፤ ወተቱ ለልጆቹ፣ ቅቤው ለገበያ። ጠዋት ጠዋት ሻሼን ስታልብ የምታዋራትን ያህል እኔን አታዋራኝም ነበር።

እኛ አገር የማዳበሪያ ከረጢት ራሱ ስሙ ማዳበሪያ ነው። ዘር ከተዘራ በኋላ ባዶው ማዳበሪያ አይጣልም፤ እህል ይገባበታል። እህል ሊገባበት ደግሞ መጥራት አለበት። ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ማዳበሪያውን ተሸክሞ ኩሬው ዳር ይወርዳል፤ ውስጡን ወደ ውጭ ይገለብጠዋል፤ ድንጋይ ላይ ይደበድበዋል። የቀረው ፍሬ እየሟሟ ውሃው ውስጥ ይገባል። እጅ ይለበልባል፣ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከዚያ አጥሩ ሁሉ በነጫጭ ማዳበሪያ ተሸፍኖ ይደርቃል። እኔም ከጥሩወርቅ ጋር ወርጄ አጥቤያለሁ። ማንም ለክፋት አላደረገውም፤ ከንጽሕና ብዛት ነው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቶሎ ተቋረጠ። በጋው ሽማግሌዎቹ እንኳ አናውቀውም ያሉት ዓይነት ሙቀት ይዞ መጣ። ኩሬው ጎደለ፤ የቀረው ውሃ ሞቀ፤ ቀስ በቀስም አረንጓዴ ሆነ። መጀመሪያ ደስ የሚል አረንጓዴ ነበር፤ ቆየት ሲል ቀለም የተደፋበት መሰለ፤ በመጨረሻ ነፋስ በሚገፋበት ዳር ወፍራም ቆዳ ሠራ። ሽታው የበሰበሰ ጎመንና የአሳማ ጋጣ አንድ ላይ ነው። የአሳማ ጋጣ ሸትቶኝ ባያውቅም እንደዚያ መሆን አለበት። በእንጨት ሲነካ እየተላጠ ይሳባል። 

በዚያው ሰሞን በመኪና እንግዶች መጡ። የቀበሌው ኃላፊ በላቸው ይዟቸው ወረደ። ችግኝ ሊያዩ ነው የመጡት፤ ችግኙ ደርቆ ነበርና ኩሬውን ፎቶ አነሱ። አንደኛው «ውሃው እንኳ አረንጓዴ ለብሷል» አለ። በላቸው በእጁ የፈጠረው ይመስል አንገቱን ሰበር አድርጎ አመሰገነ። አያ ይርዳው ከጀርባቸው ቆመው አፍንጫቸው ተሸበሸበ፤ ቃሏን ግን አልተናገሯትም። ወደ ማደሪያቸው ሲሄዱ አየሁ። አካፋውን ይዘው ወጡ።

መጀመሪያ ግን ሰውን መንገር አለብኝ ብለው አሰቡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቅጥሩ ወጥቶ ሲሰበሰብ፣ በላቸው ስለ መንገድ ሥራ ተናግሮ ሲጨርስ፣ አያ ይርዳው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። እንደዚያ ሰው ፊት ቆመው ሲናገሩ አይቼ አላውቅም።

«እኔ መርከብ አጸዳሁ ብዬ ባሕር አቆሽሼአለሁ» አሉ። «እናንተም ለእህሉ ብላችሁ ኩሬውን እያበላችሁት ነው። ያ ዳር ላይ የተኛው ነገር ማዳበሪያ እየበላ፣ ሙቀት እየጠጣ ነው የሚያድግ። መርዝ አለው። ከብቱን አታጠጡት፤ ማዳበሪያውንም ከኩሬው አርቃችሁ እጠቡ። እኔን ካላመናችሁ መምህርት ታውቃለች። ትንገራችሁ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አውቅ ነበር። በበጋ ሙቀትና በማዳበሪያ የሚፈላ አልጌ ከብት እንደሚገድል ተምሬዋለሁ፤ በፈተናም ጽፌዋለሁ። አፌን ልከፍት ስል በላቸው ቀደመኝ።

«ሸርጣን የበላ ሰው ስለ ንጽሕና ይስበከን እንዴ?» አለ።

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ አመለጠኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አላመለጠኝም። ሁሉም ሲስቅ እኔ ብቻ ሳልስቅ ብቀር የሸርጣን በሊታው ወገን እባላለሁ ብዬ አስቤ ነው የሳቅሁት። አያ ይርዳው አዩኝ። ለአፍታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ቀስ ብለው አንገታቸውን አዞሩና ግራ ጆሯቸውን ሰጡኝ። ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። እኔም የማውቀውን ሳልነግራቸው፣ ከጥሩወርቅ ጋር ስለ ወጥ እያወራሁ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሻሼ የሞተችው ሐሙስ ነው። ከኩሬው ጠጥታ ስትመለስ ግቢው በር ላይ ወደቀች። እግሯ ይንፈራገጣል፤ አፏ አረንጓዴ አረፋ ይደፍቃል። ጥሩወርቅ አንገቷን አቅፋ «ምን ሆንሽብኝ፣ እናቴ፣ ምን ሆንሽብኝ» ትላታለች። ከሰዓት በፊት አለቀች። ጥጃዋ መጥታ የሞተ ጡት ስትጎትት ማየት አልቻልኩም፤ ጓዳ ገባሁ። በዚያው ሳምንት የጎረቤት ሁለት ወይፈኖች ተከተሉ።

ከቡሬ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጣ። ኩሬውን በእንጨት ነካ አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ፣ አያ ይርዳው ያሉትን ቃል በቃል ደገመው። ሰዉ ወዲያው አመነው። ሸርጣን አልበላማ።

ከዚያ ወዲያ ከብቱ ሁሉ ወደ ሩቁ ወንዝ ይነዳ ጀመር። ኩሬው እንደ ሞተ ነገር ተተወ፤ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይሮጣል። አያ ይርዳው ግን የሽንኩርት መያዣ መረብ ጆንያዎችን ቀጣጥለው፣ በሁለት እንጨት ወጥረው፣ ከትምህርት ቤት ወጥተው ከሰዓት በኋላ ይወርዳሉ። እስከ ወገባቸው ይገቡና ያንን ቆዳ ወደ ዳር ይስቡታል። ዳር ላይ አይተዉትም። በጆንያ ሞልተው፣ አረንጓዴው ውሃ በጀርባቸው እየወረደ፣ ጎርፍ የማይመልሰው ደረቅ መሬት ድረስ ይሸከሙታል። የባሕሩን ስሕተት እንዳይደግሙ ነው። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሌላው እብደት መስሎት ያያቸዋል። ክንዳቸውና አንገታቸው ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ማየት አቃተኝና ውሃ ይዤላቸው ወረድኩ። ከውሃው ወጥተው፣ እጃቸውን በሣር ጠርገው ተቀበሉኝ። ከመጠጣታቸው በፊት የያዙትን አዩት።

«ጣሳዬን ይዘሽ መጣሽ» አሉ።

ወቀሳ አልነበረውም። የራሱን ዕቃ በስሙ እንደሚጠራ ሰው ነው የተናገሩት። እኔ አጥሩ ላይ እጄን ስሰድድ፣ ጣሳውን ሳወርድ፣ ምንም አላሰብኩም ነበር፤ እጄ ለምዶት ነው። አያ ይርዳው እስከ መጨረሻው ጠጡት። ከዚያ ከንፈራቸው የነካውን ጠርዝ በእጅጌያቸው ዙሪያውን ጠረጉና፣ እጄ እንዳይነካቸው ብለው፣ መሬት ላይ አስቀመጡልኝ።

«አያ፣ ያን ቀን እሑድ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ውሃ ውስጥ ሲገባ አይወራም» አሉ። «አካፋውን አቀብይኝ።»

አቀበልኳቸው። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ሙቅ ነው፤ የሚያጣብቅ ሙቅ። ያ ቆዳ ባቴን ሲልሰኝ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ እዚያው ዳር ላይ አስመለስኩ። አያ ይርዳው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ጠልተሽዋል ማለት ነው። በይ አሁን ያዥ።»

የመረቡን አንዱን ጫፍ ያዝኩ። በማግሥቱ ጥሩወርቅም መጣች፤ ፊቷ እንደ ተቆጣ። ከኩሬው ርቃ፣ ማሳዋ ራስ ላይ ጉድጓድ ቆፈረች። «ከእንግዲህ ማዳበሪያ የሚታጠብ እዚህ ነው፤ እጣቢውም ማሳ ላይ ይደፋል» አለች። እጥበት በደረሰ ጊዜ ኩሬው ዳር ዱላ ይዛ ተቀመጠች። አንዲት ሴት ልትወርድ ስትል «ላሜን በልታችኋል፤ ሌላ ምን አለኝ?» ብላ መለሰቻት። ከዚያ ወዲያ ማንም አልወረደም።

ድል አደረግን ብዬ ልጨርሰው ብችል ደስ ይለኝ ነበር። ክረምት ገባ፤ ኩሬው ጠራ። በሚቀጥለው በጋ በአንዱ ዳር እንደገና አረንጓዴ ብቅ አለ፤ ከላይ ያለው ማሳ ሁሉ ማዳበሪያ ይበላል፣ ሙቀቱም አልቀነሰም። አያ ይርዳው መረባቸውን ይዘው ወረዱ። በየዓመቱ ይወርዱ ነበር። እኔ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወርኩ። ይቅርታውን አንድ ቀን ረጋ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ ስል፣ ትኩሳት ይዟቸው ሦስት ቀን ተኝተው ሄዱ።

ቅዳሜ ለለቅሶ ሄድኩ። በቡሬ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ወርጄ፣ የቀረውን በእግሬ። ኩሬው ጋ ስደርስ መረቡ ግራር ላይ ተሰቅሏል። ውሃው ዳር የመዳፍ ያህል አረንጓዴ ነገር ይዟል።

ዘመድ ስላልነበራቸው ለቅሶው የተቀመጠው ጥሩወርቅ ግቢ ነው። ሰው ሞልቷል፤ የሳቁባቸው ሁሉ አሉ። «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው» ይላሉ። በላቸው እንኳ ጋቢውን ተከናንቦ፣ «ሰፈራችን አንድ አዋቂ አጣ» እያለ ተቀምጧል። ጠላው በብርጭቆና በፕላስቲክ ኩባያ ይዞራል። ጣሳው አጥሩ ላይ፣ በቦታው ነው።

ሄጄ አወረድኩት። ጠርዙ ዝጓል። አጥቤ፣ ወደ ጥሩወርቅ ይዤ ሄድኩና «በዚህ ቅጂልኝ» አልኳት።  ጥሩወርቅ ጣሳውን አየች፣ እኔን አየች፤ ቀዳችልኝ።

አፌ ድረስ አመጣሁት። ይህን አልደብቅም። እሳቸውን ያህል ሰው አውቄ፣ እሳቸው ሞተው እንኳ፣ ያ የድሮ ማቅለሽለሽ ከሆዴ ተነሣ። ዓይኔን ጨፍኜ ጠጣሁት፤ እስከ አተላው። ከእጄ ላይ ጥሩወርቅ ተቀበለችኝ። ለራሷ ቀዳች፤ ቆማ ጠጣች፤ ሞላችና አጠገቧ ላለው ሰው ሰጠች። እሱም አመነታና ጠጣ። ቀጣዩም። ጣሳው እንዲህ እያለ በላቸው ዘንድ ደረሰ።

በላቸው ጣሳውን በሁለት ጣቱ ጫፍ ያዘው። «እኔ እንኳ አልጠማኝም» አለ፤ ለማንም ያልሆነች ትንሽ ሳቅ ሳቀና ሳይቀምስ አሳለፈው። ሲስቅ የላይኛው ከንፈሩ ወደ አፍንጫው ተሰበሰበ፤ ዓይኑ ደግሞ አብሮት የሚስቅ ሰው በግቢው ውስጥ ይፈልግ ነበር።

ያን እሑድ አያ ይርዳው አንገታቸውን ከማዞራቸው በፊት ያዩት ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር ያኔ አወቅሁ።